የባሻ ቤት

ሐሮ ዐድ ከጅግጅጋ በስተሰሜን፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በሚገባው የጠጠር መንገድ መጨረሻ ላይ ያለች መንደር ናት። ስሟ በሶማሊኛ ነጭ ሐይቅ ማለት ነው። ሐይቁ ነጭ የሚመስለው ጠዋት ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ከማዶው ኮረብታ ብቅ ስትል ውሃው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ያኔ ግመሎቹ ሊጠጡ ይወርዳሉ፤ ነጫጭ ሳቢሳዎች ከፊላው ውስጥ እየተነሡ ይበራሉ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። አባቴም እዚያው ነው የተወለደው።

መንደሯን ማን ቆረቆራት ለሚል ሁለት መልስ ነበር። አያቴ እማማ ቀለምወርቅ እንደሚሉት፣ ባላቸው ባሻ ገብረየስ በጃንሆይ ዘመን ውሃውን እንዲጠብቁ ከተላኩት ጥቂት ወታደሮች አንዱ ነበሩ። ሌሎቹ ጊዜያቸው ሲደርስ ተቀይረው ሄዱ። ባሻ ግን ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር ተዋደው ነበርና ሽማግሌው ከሐይቁ ዳር ያለ የግራር ጥላ አሳይተዋቸው "ይሄ የአንተ ነው፣ ተቀመጥ" አሏቸው። እኚያ ሽማግሌ የአባቴ ጓደኛ የጌዲ አያት ናቸው። የጌዲ እናት በበኩላቸው ይህን ወሬ ሲሰሙ ፈገግ ይሉና "ጠመንጃ የያዘ እንግዳ ቁጭ ሲል ተነሥ አይባልም" ይላሉ። ሁለቱ ሴቶች እንዲህ እየተባባሉ አብረው ሻይ ሲጠጡ ነው ያደግኩት። ተጣልተው አያውቁም።

ባሻ በዚያ ጥላ ሥር የሠሩት ቤት በመንደሯ የመጀመሪያው የድንጋይ ቤት ነበር። መስኮቶቹ ወደ ውሃው ያያሉ። የመንደሩ ሰው "ጉሪ ባሻ" ይለዋል፤ የባሻ ቤት ማለት ነው። ባሻ ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላም፣ እኛ ስንኖርበትም፣ ስሙ ያው ነበር።

አባቴ ሀብተየስና ጌዲ እኩዮች ናቸው። አብረው ፍየል አግደዋል፤ ዋና የተማሩትም አብረው ነው። አባቴ ከአማርኛ በፊት ሶማሊኛ ነው የተናገረው ይባላል። ጎልምሰው ትዳር ከያዙ በኋላ ጀልባ ሠሩ። የማዶ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ወተትና ቅቤ ተሸክመው ለገበያ ሲመጡ ሐይቁን መዞር ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ከጅግጅጋ ሳንቃ አስጭነው አመጡና እየመቱ፣ በሬንጅ እየደፈኑ፣ እየሰጠመባቸው እንደገና እያወጡ፣ በመጨረሻ ተንሳፈፈላቸው። ጌዲ ከፊት፣ አባቴ ከኋላ ሆነው ሲቀዝፉ ከቤታችን መስኮት ይታዩኝ ነበር። ወሬያቸው ውሃውን አቋርጦ ይሰማል።

እኔ ጌዲን "አዴር" ነበር የምለው፤ አጎቴ እንደማለት። በዓላችን ሲደርስ ፍየል ከነነፍሱ ይልክልናል፤ አባቴ በእጁ ባርኮ እንዲያርደው። ለዒድ ደግሞ እናቴ፣ ለተማርያም፣ ቴምርና ስኳር ይዛ የጌዲ ባለቤት ባቱሎ ዘንድ ትሄዳለች። አንዱ የሌላውን ሥጋ ባለመብላቱ የተቀየመ አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከጅግጅጋ ክፉ ወሬ መጣ። ሱቅ እየተዘረፈ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሏል፣ ሰው ተገድሏል ተባለ። ከዚያ የስልክ መስመሩ ጠፋ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጌዲ እየሮጠ መጣ። ትልቅ ሰው ስለሆነ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ተነሡ" አለ። "ሁለት መኪና ሙሉ ጎረምሳ በጠጠሩ መንገድ እየመጣ ነው። የእኛ ልጆች አይደሉም፤ አላውቃቸውም። የሚጠይቁት ግን ጉሪ ባሻን ነው።"

አባቴ "እኔ ምን አደረግኳቸው?" አለ።

"ሀብተየስ፣ አሁን እሱን አትጠይቀኝ። ጀልባው ላይ ውጣ።"

እኔና እናቴ ወጣን። አያቴ አልወጣም አሉ። "ባሌን ከዚህ ቤት ሸኘሁ፤ ልጄን በዚህ ቤት አሳደግኩ። የማን ልጅ ነው እኔን የሚነካኝ?" አሉ። አባቴ ሊሸከማቸው ጎንበስ ቢል በከዘራቸው ደረቱን ገፉት። መኪኖቹ የሚያስነሡት አቧራ ከሩቅ መታየት ጀምሮ ነበር።

"እሷን ለእኔ ተዋት" አለ ጌዲ። "እማማ፣ አንቺ ከባቱሎ ጋር ትሆኛለሽ። ነይ።" ጌዲ አማርኛው ጥሩ ሆኖ አንቱታ ላይ ይቸገራል፤ አያቴም ከእሱ አፍ ሲሆን "አንቺ" መባሉን ይወዱት ነበር። እጃቸውን ሰጡትና አብረውት ሄዱ።

አባቴ እየቀዘፈ ወደ ማዶው ፊላ ውስጥ ከተተን። ቀኑን ሙሉ ጀልባው ውስጥ ጋደም ብለን ዋልን። ጩኸት ሰማን፤ ቀጥሎ ጭስ አየን። የቤታችን ጣራ ሲወድቅ ድምፁ በውሃው ላይ መጣ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። አባቴ አላለቀሰም፤ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ውሃውን ብቻ ያይ ነበር።

በመንደር የሆነውን በኋላ ነው የሰማነው። ባቱሎ አያቴን ጋርባሳር፣ የሶማሌ ሴቶችን የራስ ኩታ፣ አልብሳ፣ ከጓዳ አስተኝታ፣ "የታመመች እናቴ ናት" ብላለች። ጌዲ የራሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጎረምሶቹን "ባለቤቶቹ ከሄዱ ሰነበቱ" አላቸው። አላመኑትም። "ከሃዲ" ብለው በብረት መቱት። ግራ እጁ ከክርኑ በታች ተሰበረ። እሱ ግን ከደጃፉ አልተነሣም።

ሲመሽ የተሰበረ እጁን በጨርቅ አንግቶ፣ ሐይቁን በእግሩ ዞሮ መጣና ለሚያውቀው ሾፌር አሳልፎ ሰጠን። ሾፌሩ ድሬዳዋ አደረሰን። አያቴ መንገዱን የሚችል ጉልበት ስላልነበራቸው "ነገሩ ሲበርድ አመጣታለሁ" ብሎ ነበር። አልሆነም። እማማ ቀለምወርቅ በጥቅምት በጌዲ ቤት አረፉ። ጌዲ አስከሬናቸውን በአይሱዙ ጭኖ ጅግጅጋ ወሰደ፤ ቄስ ፈልጎ አስፈታ። የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ገና በሸራ ሥር ነበር፤ እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እስኪፈጸም ጠበቀ። ከዚያ ደወለ።

"ቀብሬአታለሁ" አለው አባቴን። "ቄሱ ሁሉን እንደ ሥርዓታችሁ አድርጓል። ድንጋይ አኑሬበታለሁ፤ ስትመጣ እንዳይጠፋህ።"

አባቴ ስልኩን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። አባቴ የሽንኩርት መጋዘን ጥበቃ ሆነ፤ እናቴ ጉሊት ተቀመጠች፤ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ ጌዲ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። "ግድግዳው ቆሟል፣ የጎደለው ጣራ ብቻ ነው። እየጠበቅኩልህ ነው" ይላል። አባቴ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ይበራለታል፤ ስለ ጣራው፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ጀልባውን በምን ቀለም እንደሚቀባው ያወራል። በ2014ቱ ድርቅ ጌዲ ግመሎቹ እያለቁ መሆናቸውን፣ ሐይቁም ሰው በእግሩ የሚሻገረው ኩሬ መሆኑን ነገረን። ከዚያ መደወሉን ተወ። አባቴ ሲደውል አይነሣም። "ኔትወርክ ነው" ይለናል።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። "እንዴት የሚያምር ቦታ አየሽ? ጅግጅጋ አጠገብ ነው አሉ።" ዝናቡ ተመልሶ ሐይቁ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቢጫ ጀልባዎች ላይ ቀይና ብርቱካናማ ጋርባሳር የለበሱ ልጃገረዶች ይስቃሉ። ዳር ላይ በጥላ ሥር ሰው ሻይ ይጠጣል። ከኋላቸው ነጭ የተቀባ፣ መስኮቱ ሰማያዊ፣ ጣራው ቀይ የሆነ የድንጋይ ቤት አለ። በሩ ላይ በትልቁ "ጉሪ ባሻ" ተጽፏል።

ማታ መጀመሪያ ለእናቴ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች። "ይሄ የእኔ መስኮት ነው" አለች።

አባቴ ግን ሲያየው ፊቱ በራ። "አያችሁ፣ አሳድሶልናል" አለ። "ሊያስደንቀን ፈልጎ ነው ዝም ያለው።"

በሳምንቱ ሦስታችንም ሄድን። ጅግጅጋ አድረን፣ የአያቴን መቃብር ተሳልመን፣ በባጃጅ ወደ ሐሮ ዐድ ወረድን። ጌዲ እንዳለው ድንጋዩ ነበር፤ መቃብሩ አልጠፋንም።

መንደሯ እንዳማረች መካድ አልችልም። ድሮ አቧራ የነበረው የሐይቁ ዳር ድንጋይ ተነጥፎበታል። የማዶ ሴቶች ወተታቸውን በጨርቅ በተሸፈነ ዕቃ ደርድረው ለእንግዳ በብርጭቆ ይሸጣሉ። ዓርብ ስለነበር ከሶላት በኋላ ከጅግጅጋ በየመኪናው ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ ሕፃናት ዳክዬ ያሯሩጣሉ። ውሃው ያው ነው፤ ሳቢሳዎቹም ያው ናቸው። እኔ ራሴ ለቅጽበት ሁሉን ረስቼ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጌዲ አባቴን ሲያይ የያዘውን ሰሐን አስቀምጦ መጣና አቀፈው። ግራ እጁ እንደተጣመመ ቀርቷል፤ በእሱ ሲያቅፍ ክርኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለቱም አለቀሱ። ባቱሎ የማንበላውን ስለምታውቅ ላሆህ፣ የሶማሌውን ስስ ቂጣ፣ በማርና በሰሊጥ ዘይት አቀረበችልን። የቀረበልን ግን ደጅ፣ በጥላው ሥር፣ ከእንግዶቹ መሐል ነበር። ወደ ቤቱ ግቡ ያለን የለም።

ቆየት ብሎ ጌዲ አንድ ቡድን ሰብስቦ ቤቱን ሊያስጎበኝ ተነሣ። አባቴም እንደ ጎብኚ ተከተለ፤ እኔና እናቴ ከኋላው። ጌዲ የግድግዳውን ድንጋይ እየዳሰሰ በሶማሊኛም በአማርኛም ይናገራል።

"ይህን ቤት የሠራው ከሐረር የመጣ የግብፅ ፓሻ ነው። አደን ይወድ ነበር። እዚህ ሐይቅ ዳር እያረፈ ዳክዬ ያድናል። ፓሻው ወደ አገሩ ሲመለስ ቤቱን ለአያቴ ተወለት። ባሻ የምንለው እሱን ነው።"

አንድ ወጣት "ያኔ ነው የተቃጠለው?" ሲል ጥቁር ጥላሸት የለበሰውን የጓዳ ድንጋይ አሳየ። ነጩ ቀለም እዚያ አልደረሰም ነበር።

"መብረቅ መቶት ነው" አለ ጌዲ። ይህን ሲል ከሰው መሐል አባቴን አየው። ወዲያው ፊቱን አዞረ። ጎብኚዎቹ ፎቶ አንሥተው ወጡ።

እናቴ አልወጣችም። ጓዳው ውስጥ እንደቆመች "ጌዲ" አለችው፣ "ይሄ ቤት የማን ነው?"

"ለተማርያም፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

ጌዲ በሩን ዘጋ።

"መጀመሪያ በእውነት ጠብቄላችኋለሁ፤ ወላሂ" አለ። "ከዚያ ባዶ ቦታ ለሌላ ይሰጣል ተባለ። የእኔ ነው አልኩ። የእኔ ከሆነ ለምን አትኖርበትም አሉኝ። ጣራ አልብሼ ገባሁበት። ያን ጊዜም ለእናንተ ነበር። ድርቁ ሲመጣ ግን ግመሎቼ አለቁ። ባቱሎ የምትሰጣቸው ወተት ስታጣ ልጆቼ ከሰው ደጅ መቆም ጀመሩ። ዐብዲረዛቅ የሚባል የጅግጅጋ ነጋዴ መጣ። ቦታውን ወደደው። ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለእኔ አደረግን። አሁን ብፈልግም የምመልሰው ነገር የለም።"

"ፓሻውስ?" አለች እናቴ። "አማቴን፣ ባሻ ገብረየስን፣ ለምን ግብፃዊ አደረግካቸው?"

ጌዲ ወለሉን አየ። "ወታደር ነበር ካልኩ ልጁስ የት አለ ይሉኛል። ልጁ የት እንዳለ ብነግራቸው ለምን ሄደ ይሉኛል። ከዚያ ስለዚያች ቀን መናገር ይመጣል። ሰው እዚህ የሚመጣው ሊዝናና ነው። ፓሻ ግን ማንንም አያሳፍርም።"

እናቴ ዞራ አባቴን አየችው። "ሀብቴ፣ አንድ ነገር በለው እንጂ።"

አባቴ የጌዲን የተጣመመ እጅ እያየ ነበር። "እጅህን ያምሃል?" አለው።

"ብርድ ሲሆን" አለ ጌዲ።



እናቴ ግን የምትተወው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ሄደች። ሐሮ ዐድ ውስጥ ያ ቤት የማን እንደነበር የማያውቅ ሽማግሌ የለም፤ አንዳቸውም ሊክዱ አልሞከሩም። ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ግራር ሥር ተቀመጡ። ጌዲ መጣ። ነጋዴው አልመጣም፤ የእሱን ግማሽ ማንም አያነሣውም ነበርና መምጣትም አላስፈለገው። ሁለት ሽማግሌዎች ተራ በተራ ተናገሩ። መሬቱን ለባሻ የሰጠው የጌዲ አያት ነው፤ የተሰጠ ደግሞ አይመለስም አለ አንደኛው። ሁለተኛው፣ ጌዲ በዚያ ቀን ያደረገውን አነሣ፤ ጎሳውም ሰፈሩም ሲፈራ ብቻውን ቆሟል አለ።

በመጨረሻ ዕድሜ የጠገቡት፣ ዐብዲራሺድ የሚባሉት፣ ወደ አባቴ ዞሩ። "የሚስትህን ሰምተናል" አሉ። "ባለቤቱ ግን አንተ ነህ። ሀብተየስ፣ ጌዲን ትከሰዋለህ? እከሰዋለሁ ካልክ እውነቱን እንመሰክርልሃለን። ቢያንስ የእሱ ግማሽ ይመለስልሃል።"

ሁላችንም አባቴን አየነው። ጌዲም አየው። ፊቱ ላይ ልመና አልነበረም፤ ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። አሁን ሳስበው፣ እከሰዋለሁ ቢል ኖሮ ይቀልለው የነበረ ይመስለኛል።

"እናቴን የቀበረ ሰው ነው" አለ አባቴ። "አልከሰውም።"

እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለችና በአማርኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ "ነፍሳችንን አዳነና ቤታችንን ወሰደ። አንተ ደግሞ ልክ ነው አልክ" አለችው። "እኔም ልጄም ግን ያን ቀን ጀልባው ላይ ነበርን። እኛን ማን ጠየቀን?"

በዚያው ቀን እኔና እሷ ድሬዳዋ ተመለስን።

አባቴ እዚያው ቀረ። ጌዲ ጀልባ እንዲቀዝፍ ሥራ ሰጠው፤ ከጀልባው ዕቃ ማስቀመጫ አጠገብም የሚያድርበት ክፍል ሰጠው። አባቴ ሐይቁን ካገኘ ሌላው ይቀልለኛል ብሎ ነበር። አንድ ጊዜ ልጠይቀው ሄድኩ። ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ሙሽሮችን በውሃው ላይ ያዞራል። እንግዶቹ "ያ ቤት የምንድን ነው?" ሲሉት ወፍ ያሳያቸዋል። ስለ ሳቢሳ ጎጆ እንጂ ስለ ቤቱ አፉን አይከፍትም።

ከጌዲ ጋር ግን እንደ ድሮው ሊሆኑ አልቻሉም። አባቴ ከፊት ሲመጣ ጌዲ በኋላ በር ይወጣል። ምሳ ላይ አባቴ ከተቀመጠ ጌዲ አልራበኝም ይላል። ባቱሎ ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ፦ "ከስቷል፤ እንቅልፍም የለውም። አባትሽ ቢሰድበው ይድናል። ይኸው 'ደኅና ዋልክ' ነው የሚለው፤ ሌላ ምንም አይለውም።"

በዓመቱ አባቴ የልብስ ሻንጣውን ይዞ ሳቢያን ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆመ። ያባረረው የለም። እናቴ ለምን መጣህ አላለችውም፤ ምሳ አቀረበችለት። ከበላ በኋላ ራሱ ተናገረ።

"ጌዲ እኔን ሲያይ ምግብ አልዋጥለት አለ" አለ። "እዚያ ብቆይ ይሞትብኛል። ለእሱ ብዬ ነው የመጣሁት።"

እናቴ ሰሐኑን አንሥታ ለማጠብ ወጣች። ቧንቧው ዘንድ ብዙ ቆየች።

አሁን አባቴ ያው መጋዘን ይጠብቃል። ጌዲ አይደውልም፤ እሱም አይደውልም። ቤታችን ውስጥ ሐሮ ዐድ የሚለውን ስም የሚያነሣ ሰው የለም። ባለፈው ወር የሥራ ባልደረቦቼ ለዕረፍት ወደዚያ ሊሄዱ መኪና ሲከራዩ አንዷ መጣችና "አክሱማዊት፣ ነይ አብረን እንሂድ፤ ግብፃዊው ፓሻ የሠራው ቤት አለ አሉ፣ አይተሽው ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

አላውቀውም አልኳት። መልካም መንገድ ተመኘሁላቸውና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።